ወበቅና የሥጋ ዶሮ

በሙቀት ታፍና የሞተች ዶሮ በክት ናት፤ አትበላም፣ አትሸጥም። የሥጋ ዶሮ የሚያረባ ቤተሰብ የአንድ ወር ድካሙን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያጣ የሚችለውም በዚህ ነው። ይህ የሚደርሰው ደግሞ አብዛኛው መኖ ከተበላ በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው።

ለምን ቢባል፣ የአንድ ቀን ጫጩት ክብደቷ 40 ግራም ገደማ ሲሆን የዛሬዎቹ የብሮይለር ዝርያዎች በሚገባ ከተያዙ በ5 ሳምንት 2 ኪሎ ግራም ያህል ይደርሳሉ። በዚህ ፍጥነት ሥጋ የሚገነባ ገላ ብዙ ሙቀት ያመነጫል። ጫጩቷ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለምትሻ ቆላው ይስማማታል። ከአራተኛው ሳምንት ወዲህ ግን የሚመቻት 20 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ዶሮ የላብ ዕጢ የላትም። ሲሞቃት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ ከመተንፈሻ አካሏ የሚተነው እርጥበትም ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። አየሩ ራሱ በእርጥበት ሲሞላ ግን ትነቱ ይዳከማል፤ በክረምት የታጠበ ልብስ አልደርቅ እንደሚለው ማለት ነው። ዶሮዋም ሙቀቷን ለመቀነስ መኖ ትተዋለች፤ ዕድገቷ ይጓተታል፤ ሲብስም ትሞታለች።

ጋምቤላን እንመልከት። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ብርቱ ቢሆንም ደረቅ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ግን ዝናቡ ወበቅ ያመጣል። 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በቢሾፍቱ የተለመደ አያያዝ እዚያ እንዳለ አይሠራም። እኔም በአንድ ወቅት በዝናብ ወራት ለአንድ ቆለኛ ቤተሰብ «ውኃ ርጩባቸው» ብዬ መክሬ ነበር። ጉዝጓዙ ረጠበ፣ የአሞኒያ ሽታ ቤቱን ሞላው፣ ዶሮዎቹም ይብሱን አለከለኩ። ውኃ መርጨት ለደረቅ ሙቀት፣ ነፋስም ካለ ነው እንጂ ለወበቅ አይሆንም።

ለወበቅ የሚበጀው የአየር እንቅስቃሴ ነው። ቤቱ ጠባብ ሆኖ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን፤ ግድግዳው ከታች አጭር፣ ከላይ የሽቦ ወንፊት፣ የጣሪያው ክፈፍም ሰፊ ይሁን። ዶሮዎቹን ማጨናነቅ አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የማይጠይቀው የመኖ ሰዓት ነው። መኖ ሲፈጭ በገላ ውስጥ ሙቀት ይፈጥራል፤ ይህ ሙቀት የሚበረታው ከተበላ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው። ረፋድ ላይ ጠግባ የበላች ዶሮ ሁለት ሙቀት በአንድ ጊዜ ይገጥማታል። ስለዚህ መኖው ገና ሲነጋ ይሰጥ፣ ረፋድ ላይ ይነሣ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይመለስ። ቀዝቃዛ ውኃ ግን ቀኑን ሙሉ ከፊታቸው አይጥፋ። ማጠራቀሚያው ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ፀሐይ ያሞቀውን ውኃ ዶሮ እንደሚገባት አትጠጣም።

በአገራችን መላጣ የሚባሉት፣ አንገታቸው ላባ የሌለው ዶሮዎች ሙቀትን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማሉ፤ ነገር ግን እንደ ብሮይለር ፈጥነው አያድጉም። ብሮይለር የያዘ ቤተሰብ በወበቁ ወራት 2 ኪሎ ግራም እስኪሞሉ ባይጠብቅ፣ 1.5 ኪሎ ግራም ሲደርሱ ለገበያ ቢያወጣቸው እኔ እመርጣለሁ።