ከደላንታ እስከ ብሪድፖርት፦ የመቅደላ ቅርሶችና የጨረታ ካታሎግ እንደ ታሪክ ምንጭ

የመቅደላ ቅርሶች ጉዳይ ሲነሣ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ በለንደን ታላላቅ ቤተ መዘክሮችና ቤተ መጻሕፍት ላይ ያተኩራል። ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ የተቋማቱ ይዞታ ተመዝግቧል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ተመራማሪም ጠይቆ ሊያየው ይችላል። ይሁን እንጂ ከአምባው የወረደው ንብረት ሁሉ ወደ ሕዝብ ተቋም አልገባም። ብዙው በወታደሮችና በመኮንኖች ጓዝ ውስጥ ተጉዞ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ከኖረ በኋላ በእንግሊዝ የገጠር ከተሞች ጨረታ ቤቶች ድንገት ብቅ ይላል። ለእነዚህ ዕቃዎች የጨረታ ካታሎግ ዋናው፣ አንዳንድ ጊዜም ብቸኛው የታተመ ማስረጃ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪዎች ለዚህ ምንጭ እስከ አሁን የሰጡት ትኩረት ከሚገባው ያነሰ ነው።

የነገሩ መነሻ ራሱ ጨረታ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት፣ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የጄኔራል ሮበርት ናፒየር ጦር የአምባውን ግምጃ ቤትና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዘረፈ። የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደ። በዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 እና 21 ቀን 1868) ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ከዘመቻው ጋር የተጓዘው ጋዜጠኛ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ይህን ሽያጭ በመጽሐፉ ገልጾታል። ከተጫራቾቹ ዋነኛው የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሆኖ የተላከው ሪቻርድ ሆምዝ ነበር፤ በቂ ገንዘብ ስለያዘ አብዛኞቹን ተወዳዳሪዎች ይበልጥ ነበር። ከጨረታው የተሰበሰበው 5,000 ፓውንድ ያህል ለተራ ወታደሮች ተከፋፈለ። የብራና መጻሕፍቱ፣ በቁጥር 350 የሚሆኑት፣ ወደ ሙዚየሙ ገብተው ዊልያም ራይት በ1877 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ካታሎግ ውስጥ ተመዘገቡ። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

ደላንታ ላይ የተደረገው ንግድ ብቻ አልነበረም። በጊዜው በነበረው የእንግሊዝ ጦር ልማድ መሠረት የምርኮ ንብረት በአንድነት ተሰብስቦ ይሸጥና ገንዘቡ ለሠራዊቱ ይከፋፈል ነበር። በመሆኑም ጨረታው ዘረፋውን ወደ ግዥ ለወጠው። ከዚያ ቀን በፊት ዕቃውን የያዘ ሰው ዘራፊ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ገዥ ሆነ። የልጅ ልጁም ዛሬ «አያቴ ገዝቶት ነው» ሊል ይችላል፤ አባባሉም በቃል ደረጃ ሐሰት አይደለም። በሌላ በኩል ሁሉም ነገር በዚህ ሜዳ አላለፈም። አሁን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘውን የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ሆምዝ ከጨረታው ውጭ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ እንደገዛቸው ይታወቃል። ስለ ዘውዱና ስለ ጽዋው በ1871 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ፓርላማ ሲነሣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስቶን ንብረቱ ከመጀመሪያው ባይመጣ ኖሮ ይመርጡ እንደነበር መናገራቸው ለዛሬው ክርክር ትልቅ ዋጋ አለው፤ በራሱ ዘመን ሚዛንም ቢሆን ድርጊቱ አጠያያቂ ነበርና።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል ጉዳይ ነው። እሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳየው ይህ ሥዕል የአውሮፓ ሠዓሊ ሥራ ሲሆን፣ ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ፣ መሐላም ይፈጽሙበት ነበር። ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ በ1744 እ.ኤ.አ. በሰናር ሲሸነፉ ሥዕሉ ተማረከ፤ በኋላም ቤዛ ተከፍሎበት ወደ ጎንደር ተመለሰ። በመቅደላ ሆምዝ ወሰደው፤ ለተቋሙ ግን አላስረከበውም፤ የራሱ አደረገው። እሱ ከሞተ በኋላ በ1917 እ.ኤ.አ. በለንደን በክሪስቲስ ጨረታ ቤት ቀርቦ ተሸጠ፤ ኋላም ወደ ፖርቱጋል ተሻግሮ እስከ ዛሬ በግል እጅ ይገኛል። ለአንዱ ገዥ የጥንት አውሮፓዊ ሥዕል፣ ለሌላው የመንግሥት ታቦት ያህል የተቀደሰ ነገር መሆኑ ዋጋውን የሚወስነው ማን እንደሆነ ያሳያል፤ የጨረታ ገበያ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ሚዛን ብቻ ነው።

ካታሎጉን የሚያነብ ተመራማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባው ዕቃው ያለፈባቸውን እጆች የሚዘረዝረውን ክፍል ነው። ይህ ክፍል በሽያጭ ቋንቋ የተጻፈ እንጂ በታሪክ ቋንቋ የተጻፈ አይደለም። «በቤተሰብ ውርስ የተገኘ» የሚለው አገላለጽ ውርሱ ከየት እንደጀመረ አይናገርም። ለብዙ ዘመን «መቅደላ» የሚለው ቃል በካታሎግ ላይ መስፈሩ ዋጋ ያስጨምር ነበር፤ ሰብሳቢው የሚከፍለው ለብሩና ለቀንዱ ብቻ ሳይሆን ለዘመቻው ዝናም ነበር። ስለዚህም ወታደሮቹ የዘመቻውን ስምና ቀን በዕቃው ላይ አስቀርጸዋል። ዛሬ ያው ጽሑፍ በሻጩ ላይ ይመሰክራል። የቃሉ ገበያ በመገልበጡ አንድ አደጋ ተከትሏል፦ ስሙ ችግር የሚያመጣ ከሆነ ሻጩ ስሙን ትቶ «የኢትዮጵያ መስቀል፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን» ብሎ ሊያቀርብ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚረዳው የዕቃው አካል ራሱ ነው። በብራና መጻሕፍት ላይ የባለቤት ቤተ ክርስቲያን ስም፣ የሰጪው ስም፣ መጽሐፉን የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል ይገኛል፤ ስሙ ተፍቆ ከሆነም ፍቀቱ በራሱ ማስረጃ ነው። የሚያሳዝነው የጨረታ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሐረጉንና ሥዕሉን እንጂ ይህን ገጽ እምብዛም አያነሡትም።

በሕግ በኩል ያለው መንገድ ጠባብ ነው። ዘረፋን የከለከለው የሔግ ስምምነት የ1899 እ.ኤ.አ. ነው፤ የባህል ንብረት ሕገ ወጥ ዝውውርን የሚመለከተው የ1970 የዩኔስኮ ስምምነትም ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። በእንግሊዝ የይርጋ ሕግ ደግሞ በቅን ልቦና የገዛ ሰው ስድስት ዓመት ካለፈው የቀድሞው ባለቤት መብት ይጠፋል። ስለዚህ እስከ አሁን የተገኘው ውጤት የመጣው በፍርድ ቤት ሳይሆን በግፊትና በድርድር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 በዶርሴት ግዛት በብሪድፖርት ከተማ ለጨረታ ሊቀርቡ የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች፣ ከእነርሱም በእጅ የተጻፈ ቅዱስ መጽሐፍና በብር የተለበጡ የቀንድ ዋንጫዎች፣ በለንደን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጥያቄ ከሽያጭ ወጡ። ሼኸራዛድ ፋውንዴሽን ከባለቤቱ ገዝቷቸው፣ ከሌሎች ነጋዴዎች ካገኛቸው ዘውድ፣ ጋሻና መስቀሎች ጋር በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ አስረከበ። በ2024 እ.ኤ.አ. በኒውካስል ሊሸጥ የነበረ የመቅደላ ጋሻም እንዲሁ ከጨረታ ወጥቶ፣ በአሜሪካ በቶሌዶ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከታየ በኋላ ወደ አገሩ ገባ።

በእነዚህ ጉዳዮች ውስጥ ያልተፈታ ጥያቄ አለ። የተዘረፈን ንብረት በገንዘብ መመለስ ዘረፋውን ሕጋዊ ያደርገዋል የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም፤ የታወቀ ገዥ መኖሩ ሌሎች ባለይዞታዎችን ለዋጋ ሊያነሣሣ ይችላልና። ሆኖም ዕቃውን ከጨረታ ማስወጣት ብቻውን ከግል ሣጥን አያወጣውም፤ ክፍያ የማያገኝ ሻጭ ድምፅ ሳያሰማ ለሌላ ሰብሳቢ ሊያስተላልፈው ይችላል፣ ያን ጊዜ ካታሎግ እንኳ አይቀርም። የብሪድፖርቱ አካሄድ ከሁለቱም የተሻለ ይመስላል፦ ዕቃው በአደባባይ ፉክክር ዋጋው ሳይንር፣ ክፍያውም ከኢትዮጵያ መንግሥት ካዝና ሳይወጣ ተመልሷል። በእርግጥ ለዚህ ፈቃደኛ ለጋሽ በየጊዜው መገኘት አለበት። በጎንደር ዘመን ለኵርዓተ ርእሱ ቤዛ የከፈሉት ሰዎች ሥዕሉን የሰናር ሕጋዊ ንብረት አድርገው እንዳልቆጠሩት ግልጽ ነው፤ ቤዛ ግዥ አይደለምና። ይህን ልዩነት በዛሬው የርክክብ ሰነድ ላይ እንዴት መጻፍ እንደሚቻል የሕግና የታሪክ ክፍሎች አብረው ሊያጠኑት የሚገባ ነው።

ለጊዜው በተመራማሪ አቅም ሊሠራ የሚችለው የካታሎጎቹን ገጽ ከሽያጩ በፊት ማስቀረት ነው። ብዙ ትናንሽ ጨረታ ቤቶች ዝርዝራቸውን የሚያወጡት ሽያጩ ሊካሄድ ሳምንታት ሲቀሩት ነው፤ ዕቃው ከወጣም ምስሉና መግለጫው አብሮ ሊነሣ ይችላል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የዕጣ ቁጥሩን፣ መግለጫውን፣ የሚታየውን ጽሑፍ ሁሉና ፎቶግራፉን የመዘገበ ሰው፣ ዕቃው ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ ስም ሲመለስ ሊያውቀው ይችላል።