ፅንሱ የወረደው በስንተኛው ሳምንት ነበር?

ጁባ ውስጥ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው ወይም ተቀጥረው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ብዙ ናቸው። ከእነሱ መካከል ፅንስ ሁለቴ ሦስቴ የወረደባት ሴት ወደ አገር ቤት ስትደውል፣ «ሾተላይ ይሆናል» መባሏ የተለመደ ነው። ይህን የምጽፈው ለአንቺ ነው፣ እህቴ፤ ባለቤትሽም ቢያነበው ደስ ይለኛል። ሾተላይ የምንለው ነገር በሕክምና የታወቀ መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚደርሰውን መጨናገፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያስረዳም። ምክንያቱን ለማግኘት ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብሽ እያንዳንዱ ፅንስ በስንተኛው ሳምንት እንደወረደ ነው።

ሳምንቱ የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባሽ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ነው። ከመቶ እርግዝና ከ10 እስከ 20 የሚሆነው ሳይዘልቅ ይቀራል፤ አብዛኛውም ከ12ኛው ሳምንት በፊት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ መጨናገፍ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም። ሐኪሞች ድሮ ምርመራ የሚጀምሩት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ነበር፤ የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት ጊዜም ይበቃል ብሏል። እኔም ሦስተኛውን ጠብቂ አልልሽም።

ከ12ኛው ሳምንት በፊት ከሚወርዱት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት የክሮሞዞም ቁጥራቸው የተዛባ ነው። ክሮሞዞም በሕዋሳችን ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከም ክር መሰል ነገር ነው። ሰው 46 አለው፤ 23ቱን ከእናቱ፣ 23ቱን ከአባቱ ይወርሳል። እንቁላሉ ወይም የወንዱ ዘር ሲዘጋጅ አንዱ ቢተርፍ ወይም ቢጎድል፣ ፅንሱ ጥቂት ሳምንት አድጎ ይቆማል። ሴት እንቁላሎቿን ይዛ ስለምትወለድ በ40 ዓመቷ ስታረግዝ እንቁላሉም ያንኑ ያህል ቆይቷል፤ ስህተቱም በዕድሜ ይበዛል። በሃያዎቹ ዕድሜ ከአሥር እርግዝና አንዱ ያህል ሲጨናገፍ፣ ከ40 በኋላ ከሦስቱ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ይጨናገፋል። ደረጃ መውጣት፣ ድንጋጤ ወይም ከባል ጋር መተኛት የክሮሞዞም ቁጥር አይለውጥም፤ ራስሽን የምትወቅሺ ከሆነ ይህን ደግመሽ አንብቢው። አልፎ አልፎ ደግሞ ከባልና ሚስት የአንዳቸው ክሮሞዞሞች ክፍሎቻቸው ቦታ የተለዋወጡ ይሆናሉ። ተሸካሚው ሙሉ ጤነኛ ነው፤ ለልጁ ግን የጎደለ ሊያወርስ ይችላል። ያ ሰው ባልየው ሊሆን እንደሚችል ቤተሰብ ሁሉ ቢያውቅ መልካም ነው።

የፅንሱ ልብ መምታቱ በአልትራሳውንድ ከታየ በኋላ፣ በተለይ ከ10ኛው ሳምንት ወዲህ፣ እርግዝናው ከቆመ ሐኪም ሌላ ነገር ይጠረጥራል። አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም ይባላል። ሰውነት ተሐዋስያንን ለመዋጋት የሚሠራቸው አንቲቦዲዎች ተሳስተው በገዛ ሕዋሳቱ ላይ ይነሣሉ፤ በዚህም የእንግዴ ልጁ አሠራር ይበላሻል፣ በቀጫጭን ሥሮቹ ውስጥም ደም ሊረጋ ይችላል፤ ፅንሱም ምግብና ኦክስጅን ያጣል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ሌላ ኢንፌክሽን ለጊዜው ሊያሳሳት ስለሚችል ግን ከ12 ሳምንት በኋላ ይደገማል። ከተረጋገጠ በትንሽ መጠን አስፕሪንና በሄፓሪን መርፌ ይታከማል። ሁሉም ላቦራቶሪ አይሠራውምና ለዕረፍት አዲስ አበባ ስትገቢ ከምታስመረምሪያቸው የመጀመሪያው ይሁን፤ በራስሽ ፈቃድ ግን መድኃኒቱን አትጀምሪ። በዚያው ደም የታይሮይድ ሆርሞንሽና የስኳር መጠንሽ ይታይ፤ ሁለቱም ሲዛቡ ፅንስ ሊያስወርዱ ይችላሉ፣ ሁለቱም ይታከማሉ።

ፅንሱ ደህና ሲያድግ ቆይቶ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ወር ያለ ብርቱ ምጥ ድንገት ከወረደ፣ የማኅፀን ጫፍ ሳይጠነክር ቀርቶ ቀድሞ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ሺሮድካር የተባሉ የቦምቤ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1955 ባስተዋወቁት ዘዴ፣ ጫፉ እንደ ከረጢት አፍ በክር ይቋጠርና መውለጃው ሲቃረብ ይፈታል። ማኅፀንን ለሁለት የሚከፍል ግድግዳ፣ ወደ ውስጥ ያበጠ ማዮማ፣ ከመጠረግ በኋላ የቀረ ጠባሳም በአልትራሳውንድ ይፈለጋሉ።

ጁባ ስለምትኖሪ ስለ ወባ ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ። በሕክምና መጻሕፍት ወባ ከተደጋጋሚ መጨናገፍ ዋና ምክንያቶች ተርታ አይመደብም፤ ነገር ግን በየእርግዝናው ከያዘሽ በየእርግዝናው ፅንስ ሊያሳጣሽ ይችላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር 550 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወባዋም ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ጁባ ተወልዳ ያደገች ሴት ከልጅነቷ ወባ ስለያዛት ሰውነቷ በከፊል ለምዶታል። የደጋ ልጅ ግን ይህ መከላከያ የላትም፤ ወባው ይበረታባታል፣ ከፍተኛው ትኩሳትም ብቻውን ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። ከዚህ ሌላ፣ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሐዋሲ የገባባቸው ቀይ የደም ሕዋሳት በእንግዴ ልጁ ውስጥ ተጣብቀው ይከማቻሉ። ከጣት የተወሰደው ደም «ወባ የለም» እያለ እንግዴ ልጁ ታምሞ ሊገኝ የሚችለው በዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሁሉ በአጎበር ተኚ። ከአራተኛው ወር ጀምሮ በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚሰጠውን የወባ መከላከያ ክኒን፣ ፋንሲዳርን፣ ቢያንስ በወር ልዩነት፣ ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ውሰጂ። ትኩሳት ከተሰማሽ በዚያው ቀን ተመርመሪ። ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም መውሰድ እንደሚቻል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አስታውቋልና ሕክምናውን ፈርተሽ አትቅሪ።

አሁን ሾተላይ። በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ አር ኤች የሚባል ፕሮቲን አለ። ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጋቲቭ ይባላል። እናት ኔጋቲቭ፣ ልጁ ከአባቱ ወርሶ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በጤና ይወለዳል። በወሊድ ወቅት ግን የልጁ ደም ወደ እናቱ ይገባና ሰውነቷ ባዕድ ነው ብሎ አንቲቦዲ ያመርታል። ቀጣዩ ፅንስ ፖዘቲቭ ከሆነ ያ አንቲቦዲ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ደሙን ያፈርሰዋል፤ ልጁም በኋለኞቹ ወራት አብጦ ይሞታል ወይም በብርቱ ቢጫነት ይወለዳል። እንግዲህ ታሪክሽ የመጀመሪያ ልጅ ደህና፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ከስድስተኛው ወር ወዲህ የሞቱ ከሆነ ሾተላይን ጠርጥሪ። ቂጥኝም በዚሁ ጊዜ ልጅ ይገድላልና አብሮ ይመርመር፤ ለሁለታችሁም ፈውሱ ፔኒሲሊን ነው። ለሾተላይ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ እንዲሁም ከወሊድ ወይም ከ12ኛው ሳምንት ወዲህ ከደረሰ መጨናገፍ ወይም መድማት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። አንቲቦዲው አንዴ ከተመረተ ግን መርፌው አይመልሰውም።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ከጥንዶቹ በግማሽ ያህሉ ምንም ላይገኝ ይችላል። ያ ክፉ ዜና አይደለም፤ ምክንያት ካልተገኘባቸው ሴቶች አብዛኞቹ ያለ ልዩ መድኃኒት ኋላ ላይ ልጅ ይወልዳሉ። እስከዚያው የእያንዳንዱን እርግዝና ሳምንት፣ የልብ ምት ታይቶ እንደነበር፣ ሕመምና ትኩሳት እንደነበረ በአንድ ወረቀት ጽፈሽ ለሐኪምሽ አሳዪ። የደም ዓይነት ምርመራ ደግሞ ተራ ላቦራቶሪ የሚሠራው ቀላል ነገር ነውና፣ ዳግመኛ ሳታረግዢ ከባለቤትሽ ጋር ሄዳችሁ ተመርመሩ።