ጠጉራም ውሻ ለማሳደግ ካሰብክ ክረምቱን አስብ

በጎንደር ከተማ ግዙፍና ጠጉራም ውሻ የሚፈልግ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው «ጀርመን» እየተባለ የሚሸጠው ቡችላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የጀርመን ሼፐርድና የአገር ውሻ ድቅል ሆኖ ይገኛል። ሌላው ከዳባት ወይም ከደባርቅ ደጋ፣ በግ ከምትጠብቅ እናት የተወለደ ነው። ሁለቱም ብርድ ይችላሉ፤ ሁለቱም እልኸኞች ናቸው። የመንጋ ጠባቂ ዘር ጅብ ሲመጣ የጌታውን ትእዛዝ ቆሞ አይጠብቅም፤ ራሱ አይቶ ራሱ ይወስናል። እንዲህ ያለውን ውሻ ግቢህ አምጥተህ «ለምን አይታዘዘኝም?» ብትል ውሻው ምን ያድርግ?

ቡችላ ሲመረጥ እናቱን ማየት ይቀድማል። ሰው ሲጠጋት የምትሸማቀቅ ወይም ያለ ምክንያት የምትናከስ ከሆነች ልጇን መተው ይሻላል። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ አይነጠልም፤ ሻጩ «እህል ጀምሯል እኮ» ቢልህም አትቸኩል። ስሙ አጭር ይሁን። ለጎረቤት መልእክት የሚያደርስ ረጅም የውሻ ስም ለጨዋታ ያምራል፤ በር ከፍቶ ሲወጣ ለመጥራት ግን አይመችም።

ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተባል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። በዚህ ነገር ቀልድ የለም። በዓለም ላይ ሰው ከሚያዝባቸው የእብድ ውሻ በሽታ አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ከውሻ የሚመጡ ናቸው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻህም ሆነ የመንገድ ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ሥር ቆፍሮ የሚሰጥ አዋቂ አለ ቢሉህ መጀመሪያ ክትባቱን ተከተብ። የነከሰውን ውሻ ደግሞ ቸኩለህ አታስገድል፤ ታስሮ አሥር ቀን ይታይ። ለክትባትና ለምክር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ከተማው ውስጥ መኖሩን አትርሳ።

ቤቱ ከነፋስ የተከለለ፣ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ ጣውላ ይሁን፤ ጭድ አትጎዝጉዝለት፣ እርጥበትና ቁንጫ ይይዛል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ፦ ወደ ጠጉሩ። የእነዚህ ውሾች ጠጉር ድርብ ነው። ላይኛው ረጅምና ሸካራ ሆኖ ዝናቡን ያንሸራትታል፤ ውስጠኛው እንደ ባዘቶ የለሰለሰ ሆኖ ሙቀት ይይዛል። በብዛት የሚረግፈው ይህ የውስጡ ነው። ካልተበጠረ መሬት አይወድቅም፤ በላይኛው ጠጉር ተይዞ እዚያው ይቀራል። ሐምሌ ሲገባ ያ የረገፈ ጠጉር ዝናብና ጭቃ እየጠጣ ይድበለበላል። ከሩቅ ስታየው ውሻህ ወፍሮ ያማረበት ይመስልሃል። ጣትህን ሰደህ ቆዳውን ስትነካው ግን እርጥብ ነው፤ ጣትህን ስታወጣው ይሸታል። ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

አንዳንዱ መቀስ ያነሳና ይላጨዋል። አትላጨው! ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል። ያ ጠጉር ከሁለቱም የሚከልለው ነው። ከዚያም በላይ ድርብ ጠጉር ከተላጨ በኋላ አንዳንዴ ተበጣጥሶ፣ ቦታ ቦታ እየዘለለ ይበቅላል፤ እንደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል።

ሌላው ደግሞ «ቆሽሿል» ብሎ በሳሙና ያጥበዋል። ይህ ይብሳል። የተቋጠረ ጠጉር ውሃ ሲነካው ይበልጥ ይጠብቃል፤ ሳሙናውም ከቋጠሮው ውስጥ አይወጣምና ቆዳውን ይበላዋል። መጀመሪያ ፍታ፣ ከዚያ እጠብ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው ቀኑን ሙሉ ስትታገል ትውላለህ፣ ውሻውም ማበጠሪያ ባየ ቁጥር ጥርሱን ማሳየት ይለምዳል።

አፈታቱ እንዲህ ነው። ቋጠሮ የሚደበቅባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ከጆሮው ኋላ፣ ብብቱ፣ የጭኑ ኋላ፣ የጅራቱ ሥርና የአንገት ማሰሪያው ያረፈበት። በዓይን አትመን፤ በጣትህ ዳስስ። ቋጠሮ ስታገኝ ከቆዳው አጠገብ ሥሩን በሁለት ጣት ጨምቀህ ያዝ፤ ስትጎትት የሚመጣው ጫና ጣትህ ላይ እንጂ ቆዳው ላይ አይሁን። በሌላው እጅህ ከጫፉ ጀምረህ ቁመቱን ተከትለህ ለሁለት፣ ለአራት ሰንጥቀው። ከዚያ ሚዶ አስገባ፤ ከጫፍ ወደ ሥር ትንሽ ትንሽ እያልክ። ቋጠሮውን ወደ ላይ ስበህ በመቀስ ለመቁረጥ ፈጽሞ አትሞክር። ቆዳው አብሮ ይሳብና ቋጠሮው ውስጥ ይገባል፤ ጠጉር የቆረጥክ እየመሰለህ ቆዳ ትቆርጣለህ።

ለዚህ ሥራ እኔ የምመርጠው ተራውን ሚዶ ነው፤ ጥርሱ ሰፊ ስለሆነ እስከ ቆዳው ይደርሳል። ከሱቅ የሚገዛው ለስላሳ ብሩሽ ላዩን ብቻ አብለጭልጮ ያታልልሃል። ጊዜው ደግሞ የእሑድ ቡና ነው። ቡናው ሲቆላ ትጀምራለህ፣ በረካው ሲቀዳ ትጨርሳለህ። በሐምሌና በነሐሴ ግን በሳምንት አንዴ አይበቃም፤ አንድ ቀን ካለፈህ በማግስቱ ተመለስበት።

ዝናብ ሲመታው በጆንያ ወይም በአሮጌ ጋቢ እሸው፤ ደረቱንና ሆዱን አትርሳ። ለምን ይህን ያህል? እርጥብና ቆሻሻ ጠጉር ላይ ዝንብ እንቁላሏን ትጥላለች፤ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈልና ትል ይሆናል። ውሻው አንድ ቦታ ደጋግሞ የሚነክስ ወይም የሚልስ ከሆነ፣ የማይለቅ መጥፎ ሽታ ካለው፣ ጠጉሩን ገልጠህ ቆዳውን እይ። ትል ካየህ ሐኪም ጋ ውሰደው።

ለመዥገርና ለቁንጫም የከብት መድኃኒት በጠጉሩ ላይ አታፍስስ። ወፍራም ጠጉር መድኃኒቱን ይዞ ያቆያል፣ እሱ ደግሞ ይልሰዋል። ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲንም እንደ ኮሊ ባሉ የእረኛ ዘሮች ላይ አንጎላቸውን ሊመርዝ ይችላል፤ ድቅል ውሻ ከማን እንደተወለደ በማይታወቅበት ደግሞ መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ምግቡ ቀላል ነው፣ ሦስት ነገር ካወቅህ። የወጥ ትራፊ አትስጠው፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ሳንባና ጉበት ደግሞ ጥሬውን አይቅመስ፤ በተለይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የኮሶ ዓይነት ትል ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከሰገራው ወደ ልጆችህ እጅ ይሻገራል፣ በሰውም ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። እንዲህ ያለውን ቅበረው ወይም አቃጥለው፤ ሌላውን በደንብ ቀቅለህ ስጥ፣ የሆድ ትል መድኃኒትም በየጊዜው ይዋጥ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ብዙዎቹ ሥጋ ቤቶች ለ55 ቀን ስለሚዘጉ አስቀድመህ አስብበት፤ እንቁላል፣ ወይም ከጎርጎራ የሚመጣ ዓሣ እሾሁ ተለቅሞ ይሆነዋል።

እልኹን በዱላ እሰብራለሁ ካልክ የምታተርፈው ተናካሽ ነው። ትእዛዝ አንዴ ተናገር፤ «ና! ና! ና!» ሲባል የሰማ ውሻ ሦስተኛውን መጠበቅ ይለምዳል። ጠርተኸው ሲመጣ አትምታው፣ አጥፍቶም ቢሆን። ትምህርቱ ከምግብ በፊት፣ ሲርበው፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ይሁን። በር ከመከፈቱ በፊት መቀመጥን አስለምደው፤ እስኪቀመጥ በሩን አትክፈት፣ ዝም ብለህ ቁም። እሱም ይቆማል፣ ያይሃል፣ ይገላምጥሃል። ቸኩለህ ከከፈትክ በሚቀጥለው ቀን ከዜሮ ትጀምራለህ።

ቀን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ማታ የሚለቀቅ ውሻ ሰው የሚያየው ከሰንሰለቱ ጫፍ ነው፤ ስለዚህ የሚመጣውን ሁሉ ጠላት ያደርጋል። እስከ ሦስት ወር ተኩል ድረስ በእቅፍህ ይዘኸው ዙር። ቅዳሜ ገበያ አሳየው፣ ባጃጅ አሳየው። ከሁሉም በላይ ጋቢ ለብሰው፣ ጃንጥላ ይዘው፣ መቋሚያ የጨበጡ አባት አሳየው፣ እንዳይደነግጥባቸው። ቡችላ ሳለ ካላያቸው፣ ካደገ በኋላ የነፍስ አባትህ ሊጠይቁህ በመጡ ቀን ታፍራለህ። ለጥምቀት ጥር 10 እና 11 ቤት ውስጥ ይዘጋ፤ ሕዝቡና ጩኸቱ ለእሱ አይደሉም።

ቤተሰብ ለመጠየቅ ወደ ደባርቅ ይዘኸው የምትወጣ ከሆነ ስሜን ፓርክ ውስጥ አታስገባው። እዚያ ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ አዋቂው ከ500 የማይበልጥ ዘር ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታም ሆነ ዲስተምፐር የተባለው የውሾች በሽታ የሚሻገርበት ከቤት ውሻ ነው። ባሌ ተራራ ላይ በተደጋጋሚ ፈጅቶታል። ዘመድ ቤት አስረህ ተወው፣ የክትባት ካርዱንም ስልክህ ላይ ፎቶ አንስተህ ያዝ፤ ወረቀቱ በክረምት ኪስ ውስጥ አይቆይም።