በሐዋሳ ለሚገነባ መኖሪያ ቤት የሙቀት ፓምፕ፦ ለወለል ወይስ ለውሃ?

በቀዝቃዛ አገሮች የተለመደ የቤት ዲዛይን ሐዋሳ ላይ ሲታቀድ አብሮት የሚመጣ አንድ ሐሳብ አለ፦ ቤቱን በሙቀት ፓምፕና ከወለል ንጣፍ ሥር በሚዘረጋ ቱቦ ማሞቅ። ሐሳቡ በተነሣበት አገር ተገቢ ነው። የሙቀት ፓምፕ ብቃቱ የሚጨምረው የሚያቀርበው ውሃ ለብ ያለ ሲሆን ነው፤ ሰፊ ወለል ደግሞ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውሃ ክፍሉን ያሞቃል። ጥያቄው ይኸው ጥምረት ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኝ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ምን ይፈይዳል የሚለው ነው።

የሐዋሳ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቅዝቃዜ የሚሰማው በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ሲሆን፣ በነዚሁ ቀናት እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ለአብነት 120 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው፣ ቱቦው 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የሲሚንቶ ልስን የተቀበረበት ወለል ይወሰድ። የልስኑ ክብደት 14 ቶን ያህል ነው፤ ሙቀቱን በአንድ ዲግሪ ለማሳደግ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ በአምስት ዲግሪ ለማሳደግ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። 4 ኪሎዋት ሙቀት የሚሰጥ ፓምፕ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሥራ ቢጀምር፣ ወደ አፈርና ወደ ክፍሉ የሚባክነው ሳይታሰብ እንኳ የሚጨርሰው 11 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ትወጣለች፤ ወለሉ ያጠራቀመውን ሙቀት የሚለቀው መስኮት በሚከፈትበት ሰዓት ይሆናል። የሐዋሳን የሌሊት ብርድ ጋቢ ያለ ቆጣሪ ይመልሰዋል። ገንዘብ ከተረፈ ከቆርቆሮው በታች፣ ከኮርኒሱ በላይ የሙቀት መከላከያ ማንጠፍ ይሻላል፤ ይህ የሌሊቱን ቅዝቃዜም የቀትሩን ሙቀትም ይቀንሳልና። ውርጭ በሚጥልባት ደብረ ብርሃን ግን ስሌቱ እንደገና ሊሠራ ይገባዋል።

የፓምፑ ትክክለኛ ቦታ የመታጠቢያ ውሃ ነው። አምስት ሰው የሚኖርበት ቤት በቀን 200 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ለማሞቅ 7 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያስፈልገዋል። ተራ ቦይለር ይህን ሁሉ ከመስመር ይወስዳል። ከአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ሙቀት የሚያወጣ ፓምፕ ግን 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል፤ ልዩነቱ በዓመት ወደ 1,700 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ከፍጆታው ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን ቅጽበታዊው ጭነት ነው። በደቂቃ 3 ሊትር ውሃን በ20 ዲግሪ የሚያሞቅ የሻወር ማሞቂያ 4.2 ኪሎዋት ይስባል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ። ሁለቱ በአንድ ማለዳ ሲበሩ በ220 ቮልት መስመር ላይ 35 አምፔር ይሆናል። 0.7 ኪሎዋት የሚስብ ኮምፕሬሰር ግን ያንኑ የቀን ፍላጎት በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ አሙቆ በታንከር ያስቀምጣል፤ መብራት ቢጠፋም ውሃው ሙቅ ሆኖ ይቆያል። ለጤና ሲባል የታንከሩን ሙቀት በየሳምንቱ ወደ 60 ዲግሪ ከፍ ማድረግ ይመከራል፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሌጂዮኔላ ባክቴሪያ ይራባልና።

ከፍታው የራሱ ተጽዕኖ አለው። በሐዋሳ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በአምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ የፓምፑ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚያሳልፈው የአየር ክብደትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በአንጻሩ ብዙ የአውሮፓ ካታሎጎች ብቃትን የሚለኩት በ7 ዲግሪ አየር ስለሆነ፣ 20 ዲግሪ አየር የቀነሰውን ያካክሳል። ገዢው ከአምራቹ የከፍታ ማስተካከያውን በጽሑፍ ቢጠይቅ መልካም ነው።

የፓምፑ ብርቱ ተፎካካሪ በጣሪያ ላይ የሚቀመጠው የሶላር ውሃ ማሞቂያ ነው። ፀሐይ በቂ በሆነባቸው ወራት ምንም ኤሌክትሪክ ሳይፈልግ ይሠራልና ቀዳሚው ምርጫ እርሱ መሆን አለበት። ፓምፑ የሚበልጠው በክረምት ደመና፣ እንዲሁም ጣሪያው በጥላ በተሸፈነ ግቢ ነው። ከጉድጓድ ውሃ ሙቀት መቅዳትም ይቻላል። ነገር ግን ሞቃት አየር በነፃ በሚገኝበት ከተማ የቁፋሮ ወጪው አያዋጣም፤ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃም ማዕድን የበዛበት በመሆኑ የሙቀት መለዋወጫውን በዝቃጭ ይደፍናል።

አንድ ጥቅም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ፓምፑ 7 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ለውሃው ሲሰጥ፣ ከዚያ ውስጥ 4.7 ያህሉን ከአካባቢው አየር ይወስዳል፤ የሚተፋው አየር ቀዝቃዛ ነው። በቀዝቃዛ አገር ይህ ወደ ውጭ የሚጣል ነው። በሐዋሳ ግን በየካቲትና በመጋቢት ቀትር የእህል ማስቀመጫውን ክፍል ያቀዘቅዛል፤ ለዚህም የአየር መውጫው ቀዳዳ ግድግዳው በብሎኬት ሳይዘጋ በፊት በፕላኑ ላይ ሊሰመር ይገባል።