መኪናው ሲረክስ መለዋወጫው አይረክስም
ያገለገሉ የቅንጦት መኪኖች ባለንብረቶች ሊይዙት የሚገባ ሒሳብ

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ አንድ ያገለገለ መርሴዲስ ወይም ቢኤምደብልዩ ከአንድ ያገለገለ ቶዮታ ኮሮላ ጋር በተቀራራቢ ዋጋ ሲቀርብ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ የቆዳ ወንበሩን የዳሰሰና የበሩን አዘጋግ የሰማ ገዢ፣ በዚህ ዋጋ ይህን የመሰለ መኪና በማግኘቱ ዕድለኛ እንደሆነ ይሰማዋል፡፡ ደላላውም ጓደኛውም ያበረታቱታል፡፡ ይሁን እንጂ «በቅሎ ግዙ ግዙ አንድ አሞሌ ላያግዙ» እንዲሉ፣ መኪናው ጋራዥ በገባ ዕለት ከባለንብረቱ ጎን የሚቆም አይገኝም፡፡

ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ሊባል የሚገባው ገበያው ዋጋውን ዝቅ ያደረገው ያለ ምክንያት አለመሆኑን ነው፡፡ ወደፊት የሚመጣውን የጥገና ወጪ ገበያው ቀድሞ ቀንሶታል፡፡ ስለዚህ ገዢው ያገኘው ቅናሽ ስጦታ ሳይሆን ለጥገና በአደራ የተሰጠው ገንዘብ ነው፡፡ ይህን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ያዋለ ሰው ከዓመት በኋላ መኪናውን በክሪክ ላይ አቁሞ ብድር ፍለጋ ይወጣል፡፡

የዋጋው ምሥጢር

አዲስ ሆኖ 100 ብር ያወጣ የቅንጦት መኪና ከ15 ዓመት በኋላ 20 ብር ሊያወጣ ይችላል እንበል፡፡ ካምቢዮው፣ የፍሬን ኮምፒዩተሩና የፊት መብራቱ ግን የተሠሩት ለ100 ብሩ መኪና ነው፡፡ በመሆኑም የጥገናው ወጪ የሚከተለው መኪናው ዛሬ የተገዛበትን ዋጋ ሳይሆን አዲስ ሳለ የነበረውን ዋጋ ነው፡፡ የመካከለኛ መኪና አቅም ያለው ቤተሰብ የባለጠጋ መኪና ጥገና የሚገጥመው በዚህ የተነሳ ነው፡፡

በአገራችን ደግሞ ሌሎች ምክንያቶች ተጨምረውበታል፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፡፡ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፡፡ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፡፡

እነዚህ እርምጃዎች በአገር ውስጥ ያለውን መኪና ዋጋ በብር ከፍ የሚያደርጉ በመሆናቸው «መኪናዬ አተረፈልኝ» የሚል ባለንብረት ጥቂት አይደለም፡፡ ነገር ግን መለዋወጫ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፡፡ በወረቀት ላይ የታየው ትርፍ በመለዋወጫ መደብር ጠረጴዛ ላይ ተመልሶ ይሄዳል፡፡

የመጀመሪያው ወር ሥራ

አብዛኞቹ ያገለገሉ መኪኖች የሰርቪስ ታሪካቸው አይታወቅም፡፡ ስለሆነም አዲሱ ባለንብረት «ሁሉም ነገር ተቀይሯል» የሚለውን የሻጭ ቃል ወደ ጎን ትቶ ከዜሮ መጀመር ይኖርበታል፡፡ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ዘይትና የራዲያተር ፈሳሽ በመጀመሪያው ወር ተቀይረው ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ይመዘገባል፡፡ ሞተሩ በቺንግያ የሚሠራ ከሆነ የቺንግያው ዕድሜ በማስረጃ ካልተረጋገጠ እንደ አሮጌ ይቆጠራል፡፡

ጎማም በጥርሱ ብቻ አይመዘንም፡፡ በጎማው ጎን ላይ የታተሙት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፡፡ 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው፡፡ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ለዓመታት የቆመ ጎማ በፍጥነት ጉዞ ላይ ሊፈነዳ ይችላል፡፡

መኪናው በስካነር መመርመር አለበት፡፡ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ ስካነሩ የሚናገረው የትኛው ክፍል ያልተለመደ መልእክት እንደላከ እንጂ የትኛው ዕቃ ይቀየር የሚለውን አይደለም፡፡ ስካነሩ ያሳየውን ሁሉ በአዲስ ዕቃ የሚተካ መካኒክ የሚሞክረው በባለንብረቱ ገንዘብ ነው፡፡ ከመቀየር በፊት መለካት ይቀድማል፡፡

የከፍታው ጉዳይ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፡፡ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ድግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፡፡ አብዛኞቹ ሞተሮች ደግሞ በ85 እና በ100 ድግሪ መካከል ይሠራሉ፡፡ ታዲያ ውሃው የማይፈላው ለምንድን ነው ቢባል፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝና የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ስለሚያደርገው ነው፡፡ ክዳኑ ሲደክም ሞተሩ በተለመደው ሙቀቱ ውሃውን ማፍላት ይጀምራል፡፡ በዋጋው አነስተኛ የሆነ ክዳን ችላ በመባሉ ቴስታታ የሚጣመምበትና ጓርኒሲዮን የሚቃጠልበት ጊዜ አለ፡፡

ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ብቻ መሙላትም ሌላው ስህተት ነው፡፡ የአሉሚኒየም ክፍሎች በውሃ ይበላሉ፤ ተርሞስታቱና የውሃ ፖምፓውም በዝገትና በደለል ይጎዳሉ፡፡ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ የተሠሩ ቢኤምደብልዩ መኪኖች በተለይ ከፕላስቲክ የተሠሩ የማቀዝቀዣ ክፍሎቻቸው በሙቀትና በዕድሜ ስለሚሰነጠቁ፣ እስኪፈነዱ ሳይጠበቅ በዕቅድ ቢቀየሩ ይመረጣል፡፡ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል የተነገረው ለዚህ ይመስላል፡፡

ከፍታው ሌላም የሚያሳስተው ነገር አለ፡፡ ተርቦ የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ አየር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፡፡ ይህ ብልሽት ሳይሆን የአየሩ መሳሳት ነው፡፡ «ሞተሩ ደክሟል» ተብሎ ሞተር ከመውረዱ በፊት የሲሊንደሮቹ ኮምፕሬሽን ይለካ፡፡

የፍሬን ዘይትም እርጥበት ከአየር የመሳብ ጠባይ ስላለው በየሁለት ዓመቱ መቀየር ይገባዋል፡፡ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ሲወረድ የጋለ ፍሬን እርጥበት ያለውን ዘይት አፍልቶ ፔዳሉን ባዶ ሊያደርገው ይችላል፡፡ ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ መፍትሔው ትኩስ ዘይትና ዝቅተኛ ማርሽ ነው፡፡

«የዕድሜ ልክ» ዘይት

አንዳንድ አምራቾች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት «የዕድሜ ልክ» ነው፣ አይቀየርም ይላሉ፡፡ የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን መጠየቅ ይገባል፡፡ ለቢኤምደብልዩና ለሌሎችም ካምቢዮ የሚያመርተው ዜድ ኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ራሱ ዘይቱ ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ወይም ቢበዛ በስምንት ዓመት እንዲቀየር ይመክራል፡፡ ለአሥር ዓመት ቆይቶ የሚሸጥ መኪና ይህን ወሰን አልፏል፡፡ ዘይቱ ሲቀየር ፊልትሮው አብሮ መቀየር፣ የዘይቱም ዓይነት ለካምቢዮው የተፈቀደው መሆን አለበት፡፡

የየሞዴሉ ደካማ ጎን

ጥሩ መኪና ሁሉ የራሱ የታወቀ ሕመም አለው፡፡ ባለንብረቱ አስቀድሞ ካወቀው መካኒኩ በመገመት የሚያጠፋውን ገንዘብ ያድናል፡፡

በ1990ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ የተሠሩ የመርሴዲስ ሞዴሎች የሞተር ኤሌክትሪክ ገመዳቸው ሽፋን በሙቀት እየተፈረፈረ ይረግፋል፡፡ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ካንዴላና ኮይል እየተቀያየረ መፍትሔ ከጠፋ፣ ገመዱን ማየት ይጠቅማል፡፡

ከ1998 እስከ 2005 የተመረተው ኤስ ክላስ በአየር ግፊት የሚሠራ ሞላ አለው፡፡ መኪናው አድሮ ጠዋት በአንድ ጎኑ ዝቅ ብሎ ከተገኘ አየር እያፈሰሰ ነው፡፡ አየሩ የሚያመልጥበት ቦታ ሳይደፈን መጭመቂያ ሞተሩን ብቻ መቀየር አዲሱንም ማቃጠል ነው፡፡

ከ2002 እስከ 2006 የተመረቱ የኢ ክላስ ሞዴሎች በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ፍሬን ተገጥሞላቸዋል፡፡ የፍሬን ሸራ ከመቀየሩ በፊት ሥርዓቱ በስካነር ካልተዘጋ ፍሬኑ በራሱ ተነስቶ የመካኒኩን ጣት ሊጨፈልቅ ይችላል፡፡ ይህን የማያውቅ ጋራዥ ይህን መኪና ባይነካው ይሻላል፡፡

ቪ ስምንት ሞተር ያለው ላንድክሩዘር 100 በጥንካሬው ቢታወቅም ቺንግያው በ150 ሺህ ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፡፡ «ላንድክሩዘር አይበላሽም» ብሎ ቺንግያውን የረሳ ሰው መንገድ ላይ ይቆማል፡፡

መለዋወጫ ሲገዛ

ወደ ሶማሌ ተራ በሞዴሉ ስም ብቻ መሄድ አይበቃም፡፡ በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት መኪኖች የተለያየ ዕቃ ሊኖራቸው ይችላል፡፡ ባለ17 አሃዙ የሻንሲ ቁጥርና በአሮጌው ዕቃ ላይ የታተመው ቁጥር ተይዞ መሄድ አለበት፡፡

«ኦርጅናል» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል፡፡ አንደኛው በመኪናው ፋብሪካ ካርቶን የሚሸጠው ነው፡፡ ሁለተኛው እንደ ቦሽ፣ ማህሌና ሳክስ ያሉ ለፋብሪካዎች ዕቃ የሚያቀርቡ ኩባንያዎች በራሳቸው ካርቶን የሚሸጡት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ጥራቱ ከመጀመሪያው ሳያንስ ዋጋው ይቀንሳል፡፡ ሦስተኛው ካርቶኑን ብቻ የመሰለ አስመሳይ ነው፡፡ ብልህ ገዢ ሁለተኛውን ይፈልጋል፡፡ በር፣ ኮፈን፣ መስታወትና ወንበር ያገለገለ ቢገዛ ጉዳት የለውም፡፡ የፍሬን ዕቃ፣ ቺንግያ፣ የውሃ ፖምፓና ማናቸውም የጎማ ቱቦ ግን ያገለገለ አይገዛም፡፡

በየወሩ የሚቀመጥ ገንዘብ

የቅንጦት መኪና ባለንብረትን የሚያንገላታው የወጪው መብዛት ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ መምጣቱ ነው፡፡ መድኃኒቱ ወጪውን በወር መከፋፈል ነው፡፡ ለስሌት ያህል ብቻ የሚከተለው ይታሰብ፡፡ 80 ሺህ ብር የሚያወጡ አራት ጎማዎች አራት ዓመት ቢያገለግሉ በዓመት 20 ሺህ ብር ነው፡፡ በሦስት ዓመት የሚቀየር የ24 ሺህ ብር ባትሪ 8 ሺህ፤ በአራት ዓመት የሚመጣ የ48 ሺህ ብር የካምቢዮ ሰርቪስ 12 ሺህ፤ በሁለት ዓመት የሚቀየር የ16 ሺህ ብር የፍሬን ዘይትና የራዲያተር ፈሳሽ 8 ሺህ፤ በስድስት ዓመት የሚታደሱ የ72 ሺህ ብር የማቀዝቀዣ ክፍሎች 12 ሺህ ይሆናሉ፡፡ ድምሩ በዓመት 60 ሺህ፣ በወር 5 ሺህ ብር ነው፡፡

ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚታወቀው ብቻ ነው፡፡ ለማይታወቀውም ያንኑ ያህል ማስቀመጥ ይመከራል፡፡ ባለንብረቱ የራሱን ጋራዥ ዋጋ ጠይቆ ሠንጠረዡን ይሙላ፡፡ የወሩ ድምር ከቤት ኪራይ ወይም ከልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ጋር የሚጋፋ ከሆነ መኪናው ከአቅም በላይ መሆኑን ሒሳቡ ነግሮታል፡፡

መድን

የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ቢሆንም የሚክሰው የተጎዳውን ሌላ ሰው እንጂ የባለንብረቱን መኪና አይደለም፡፡ ሙሉ ዋስትና የገባም ቢሆን የተመዘገበውን ዋጋ በየዓመቱ ማየት ይኖርበታል፡፡ 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን ብር ብቻ ዋስትና ተገብቶለት የ200 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ መድን ሰጪው በግማሽ አስልቶ 100 ሺህ ብር ብቻ ሊከፍል ይችላል፡፡ ብር በረከሰበት ጊዜ በቆየ ዋጋ ውል ማደስ አረቦን የቆጠበ መስሎ ትልቅ ዕዳ መግዛት ነው፡፡

መጠገን ወይስ መሸጥ?

ከባድ ብልሽት ሲመጣ ብዙ ባለንብረቶች «እስካሁን ይህን ያህል አውጥቼበት እንዴት እተወዋለሁ» ይላሉ፡፡ ይህ በኢኮኖሚክስ ትምህርት የታወቀ ስህተት ነው፡፡ የወጣው ገንዘብ ወጥቷል፤ ቢጠገንም ቢሸጥም አይመለስም፡፡ መታየት ያለበት ከዛሬ በኋላ ያለው ብቻ ነው፡፡

መኪናው እንደተበላሸ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር፣ ቢጠገን 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር የሚሸጥ ይሁን፡፡ ጥገናው 250 ሺህ ብር ከፈጀ በዋጋው ላይ 400 ሺህ ብር ስለሚጨምር መጠገኑ ያዋጣል፤ የሚሸጥም ቢሆን ተጠግኖ ይሸጥ፡፡ ጥገናው 600 ሺህ ብር ከሆነ ግን ያለበትን ጉድለት ለገዢው ተናግሮ እንዳለ መሸጥ ይሻላል፡፡ ከዚህ የሚለየው ባለንብረቱ መኪናውን ለዓመታት ሊይዘውና በምትኩ የሚገዛው የተሻለ መኪና ከዚያ በላይ የሚያስወጣው ሲሆን ብቻ ነው፡፡

በመጨረሻም የአንድ ደብተር ነገር አለ፡፡ የተቀየረው ዕቃ፣ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩና ደረሰኙ በአንድ ቦታ የተቀመጠለት መኪና ሲሸጥ ገዢው የሚከራከርበት ነገር ያንሳል፡፡ ሊብሬው የባለቤቱን ስም ይናገራል፤ መኪናው እንዴት እንደተያዘ የሚናገረው ግን ይህ ደብተር ነው፡፡ ዛሬ መግዛት የሚጀምር ሰው ከዕቃ ሁሉ በፊት እሱን ቢገዛ አይጎዳም፡፡