ዕጢው ራሱ ምን ይናገራል?

ስለ ጡት ካንሰርና ስለ ጂን ምርመራ አጭር ትምህርት

በሲኤምሲ፣ በአያትና በሰሚት አካባቢ እህት፣ ልጅ ወይም ዘመድ በውጭ አገር ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። በስልክ ሲጠያየቁ እንዲህ የሚል ወሬ ደርሶዎት ይሆናል፦ «የጡት ካንሰር አገኙብኝ፤ ግን የዕጢዬ ጂን ተመርምሮ ነጥቡ ዝቅተኛ ስለሆነ ኬሞ አያስፈልግሽም አሉኝ።» ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? ነጥቡስ ከየት መጣ? እዚህ ለምንታከመው ሴቶችስ ምን አለ? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

የጂን ሥራ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰውነታችን ከሴሎች የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ሴሉ ምን መሥራት እንዳለበት የሚያዝዙ ወደ 20,000 የሚጠጉ ጂኖች አሉ። ይሁን እንጂ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሠሩም።

ማታ በሲኤምሲ መንገድ ሲያልፉ አንድ ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ይመልከቱ። የመብራት መስመር ለሁሉም ክፍል ተዘርግቷል፤ የሚበራው ግን ሰው ያለበት መስኮት ነው። የትኞቹ መስኮቶች እንደበሩ በማየት በሕንፃው ውስጥ ምን እየተሠራ እንደሆነ መገመት ይቻላል። ጂኖችም እንደዚሁ ናቸው። በካንሰር ዕጢ ውስጥ ሴሎች ቶሎ ቶሎ እንዲባዙ የሚያዝዙት ጂኖች ደምቀው «ከበሩ» ዕጢው ፈጣን ነው። ለሆርሞን የሚታዘዙት ጂኖች ከበሩ ደግሞ ዕጢው አብዛኛውን ጊዜ ዝግተኛና በሆርሞን መድኃኒት የሚበገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለዩ። ይህ ምርመራ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ጂን አይደለም። የሚመረመረው ከዕጢው የተቆረጠው ሥጋ ነው። በመሆኑም የእናት ነጥብ ከፍ ማለቱ ብቻውን ስለ ሴት ልጆቿ የሚናገረው ነገር የለም።

ነጥቡ እንዴት ተገኘ?

እ.ኤ.አ. በ2002 በአምስተርዳም የሚገኘው የኔዘርላንድስ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች የጡት ካንሰር ዕጢዎችን ሲያነጻጽሩ 70 ጂኖች መረጡ። የእነዚህ ጂኖች ሥራ ሲታይ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል የመሠራጨት ዕድሉ ከፍ ያለውን ዕጢ ዝቅ ካለው መለየት ተቻለ። በ2004 ደግሞ በአሜሪካ በ21 ጂኖች የሚሠራ ምርመራ ውጤት ታተመ። ከ21ዱ 16ቱ የካንሰሩን ጠባይ የሚያሳዩ ናቸው። 5ቱ ሥራቸው ብዙም የማይለዋወጥ በመሆኑ ለማነጻጸሪያ ያገለግላሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚበራው የደረጃ መብራት ማለት ነው። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ባለው ነጥብ ይሰጣል።

ከዚያም ምርመራዎቹ በብዙ ሺህ ሴቶች ተፈተኑ። በአውሮፓ በተካሄደውና በ2016 በታተመው ጥናት 6,693 ሴቶች ተሳትፈዋል። ከእነዚህ መካከል ዕጢው በመጠኑና በመልኩ አስጊ የሚመስል፣ በጂን ምርመራ ግን አስጊ ያልሆነ ሴቶች ነበሩ። ኬሞ ሳይወስዱ ከቆዩት ከ100ዎቹ 95 በሚሆኑት ካንሰሩ ከ5 ዓመት በኋላም ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል አልተሠራጨም። በ2018 የታተመው የአሜሪካው ጥናት ከ10,000 በላይ ሴቶችን ይዞ ነበር። መካከለኛ ነጥብ ካላቸው ሴቶች አብዛኞቹ የሆርሞን መድኃኒት ብቻ ወስደው ኬሞ ከጨመሩት ያላነሰ ውጤት አገኙ። ዕድሜያቸው ከ50 በታች ሆኖ ነጥባቸው ወደ ላይ ጠጋ ያለ ሴቶች ግን ከኬሞው ጥቂት ጥቅም አግኝተዋል።

ነጥብ ፍርድ አይደለም

«ከ100ዎቹ 95» ማለት 5ቱ ላይ ካንሰሩ ተመልሶባቸዋል ማለት ነው። አንዲት ሴት ከየትኛው ወገን እንደምትሆን ነጥቡ አይናገርም። ከፍተኛ ነጥብም «ተስፋ የለሽም» ማለት ሳይሆን «ጠንከር ያለ ሕክምና ያስፈልግሻል» ማለት ነው። ከዚህም ሌላ እነዚህ ነጥቦች የተቀመሩት በአብዛኛው በነጭ ሴቶች ላይ ነው። በአሜሪካው ጥናት ጥቁር ሴቶች ተመሳሳይ ነጥብ እያላቸው የከፋ ውጤት ገጥሟቸዋል። ስለዚህ የሌላ አገር ቁጥር ለእኛ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም።

በአገራችንስ?

ከላይ የተጠቀሱት ምርመራዎች ዋጋቸው በሺህ ዶላሮች የሚቆጠር ነው፤ ለአብዛኞቻችን የሚሞከር አይደለም። ነገር ግን ተስፋ አይቁረጡ። ከእነዚህ መስኮቶች ዋነኛውን በአነስተኛ ወጪ ማየት ይቻላል። ይኸውም የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ነው። ከዕጢው የተወሰደው ሥጋ በስሱ ተቆርጦ፣ በልዩ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የኤስትሮጅን ተቀባይ የሚሠራው ጂን በርቶ ከሆነ ሴሎቹ ቀለሙን ይይዛሉ፤ ውጤቱም «ፖዘቲቭ» ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ኢትዮጵያውያንና ጀርመናውያን ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ የታከሙ 352 ሴቶችን ውጤት አሳትመዋል። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ፖዘቲቭ ሆነው ተገኙ። ይህ ትልቅ የምሥራች ነበር፤ ምክንያቱም የአፍሪካውያን ሴቶች ዕጢ አብዛኛው ለሆርሞን አይታዘዝም የሚል ግምት ነበር። ዕጢዋ ፖዘቲቭ የሆነ ሴት ታሞክሲፌን የተባለውን እንክብል በየቀኑ ለ5 ዓመት ብትወስድ በካንሰሩ የመሞት አደጋዋ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ውጤቷ «ኔጌቲቭ» ለሆነባት ሴት ግን መድኃኒቱ አይረዳትም፤ ሌላ ሕክምና ያስፈልጋታል። ምርመራው ካልተደረገ ሐኪሙ በግምት ለማከም ይገደዳል።

ናሙናው እንዳይበላሽ

በቀጭን መርፌ የተቀዳ ናሙና ካንሰር መኖሩን ሊያሳይ ይችላል። ለተቀባይ ምርመራ ግን ብዙውን ጊዜ በወፍራም መርፌ ወይም በቀዶ ጥገና የተቆረጠ ሥጋ ያስፈልጋል። የተቆረጠው ሥጋ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። ሳይገባ ከቆየ ወይም ፎርማሊኑ ውስጥ ከሦስት ቀን በላይ ከሰነበተ የበራው መስኮት የጠፋ ሊመስል ይችላል። ፖዘቲቭ የሆነች ሴት ኔጌቲቭ ትባልና ሕይወቷን የሚያተርፈው እንክብል ይቀርባታል።

ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ እንዲወስዱ እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ ከታዘዛችሁ፣ ብልቃጡ ውስጥ ፎርማሊን መኖሩን ይጠይቁ፤ በዚያው ዕለትም ያድርሱት። ቤት አያሳድሩት። የውጤቱንም ወረቀት ኮፒ አድርገው ያስቀምጡ።

ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ሆርሞን ያለባቸውን የወሊድ መቆጣጠሪያዎች መውሰድ የለባትም። እነዚህም እንክብል፣ መርፌ፣ በክንድ የሚቀበረውና ሆርሞን ያለበት ሉፕ ናቸው። የመዳብ ሉፕ ወይም ኮንዶም ይስማማታል። ታሞክሲፌን የወር አበባን ሊያዛባ ወይም ሊያስቀር ይችላል፤ እርግዝናን ግን አይከላከልም፣ ለፅንስም ጎጂ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ሆርሞን የሌለበት መከላከያ ያስፈልጋታል።

የወሊድ መቆጣጠሪያ እየወሰዱ ጡትዎ ላይ እብጠት ካገኙ በራስዎ ደንግጠው አያቋርጡ። ለእኛ ይንገሩን፤ እንመረምርዎታለን።

ሐኪምዎን የሚጠይቋቸው አራት ጥያቄዎች

1. ካንሰሩ በስንተኛ ደረጃ ላይ ነው?
2. የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ተደርጓል? ውጤቱስ ምንድን ነው?
3. የኸር-ቱ ምርመራስ? (ይህም ሌላ መስኮት ነው፤ የራሱ መድኃኒት አለው።)
4. ታሞክሲፌን ለእኔ ይሆናል? ለስንት ዓመት?

ከነጥብ ሁሉ የሚቀድመው

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ 1,070 ሴቶችን የተከታተለ ጥናትም በ2014 ታትሟል። ካንሰሩ በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ ሳለ የደረሱት ዘግይተው ከመጡት ይልቅ እጅግ የተሻለ ዕድል ነበራቸው። የጂን ምርመራ የሚጠቅመውም በጊዜ ለተገኘ ካንሰር ነው።

እንግዲህ ጡትዎ ወይም ብብትዎ ላይ የማያምም እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም ያለበት ፈሳሽ ካዩ «አያምም» ብለው አይተዉት። «ጠበል ልሞክር» ያለች ጎረቤት ካለችዎትም ጠበሉን አትተዪ ይበሏት፤ ወደ ሐኪም መሄዱን ግን ለሌላ ቀን እንዳታቆየው ይምከሯት። ከሲኤምሲ በመገናኛ በኩል ጥቁር አንበሳ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ከዚያ በፊት ግን እዚሁ ክሊኒካችን ገብተው ቢታዩ በዚያው ዕለት ምክር ያገኛሉ።