ስለ እንዶድ፤ ጥቅሙና አተካከሉ

እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ አገር በየአጥሩና በየወንዙ ዳር ተንጠላጥሎ የሚገኝ ቍጥቋጦ ነው። በትግርኛ ሽብጢ፥ በኦሮምኛ አንዶዴ ይባላል። አበባው ጥቃቅንና ነጣ ያለ ሆኖ በረዥም ዘለላ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ አረንጓዴ ፍሬ ይይዛል፤ ፍሬውም ሲበስል ይቀላል።

ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። የፋብሪካ ሳሙና በየሱቁ ከገባ ወዲህም ቢሆን የጋቢና የነጠላን ንጣት፥ የጥለቱንም ቀለም ለመጠበቅ እንዶድን የሚያስበልጡ ቤተሰቦች አሉ፤ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው ቤትም ከእነዚሁ አንዱ ነው።

ነገር ግን የዚህ ተክል ትልቁ ጥቅም የታወቀው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ይህ ነገር ለምን እንደሚጠቅም ለመረዳት የበሽታውን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። የትሉ እንቍላል ከታመመ ሰው ዐይነ ምድር ጋራ ወደ ወንዝ ይገባል፤ ከእንቍላሉ የወጣው ነፍሳት በቀንድ አውጣው ገላ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ መንገዱ ይቋረጣል። ዛሬ በሽታውን የሚፈውስ ኪኒን አለ፤ ሆኖም የዳነው ልጅ ወደዚያው ውሃ ተመልሶ ቢገባ እንደገና ይያዛል።

ከ1969 እስከ 1974 ዓ.ም. (በፈረንጅ) በዓድዋ ወንዞች እንዶድ እየተጨመረ በተደረገው ሙከራ፥ ከመቶ 63 የነበረው የሕዝቡ ሕመም ወደ 34 ዝቅ አለ፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ግን ከ50 ወደ 7 ወረደ። የማዘጋጃ ቤት ሹማምንት ይህን የኋለኛውን ቍጥር ልብ ይሉ ዘንድ እንለምናለን፤ ሕፃናቱ የተወለዱት ውሃው እየተጠበቀ ሳለ ነበርና።

እንዶድ የቀንድ አውጣውን እንቍላል እንደ ቀንድ አውጣው አይገድልም፤ ስለዚህ ሥራው በየጊዜው መደጋገም አለበት። ዓሣንም ስለሚገድል ማንም በገዛ ፈቃዱ ወደ ወንዝ ሊጥለው አይገባም፤ መጠኑንና ጊዜውን የጤና ባለሙያ ይወስን። ለኮሶም ሆነ ፅንስ ለማስወረድ ብሎ መጠጣት ነፍስን የሚያሳጣ ነገር ነው። ይህን ማንም ቢመክር አይሰማ።

ስለ አተካከሉ የሚከተለውን ማወቅ ይበቃል። እንዶድ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ነው። በዘር የተተከለው ከየትኛው ወገን እንደሚሆን እስኪያብብ ድረስ ስለማይታወቅ፥ ብዙ ሰው አጥሩን በወንዴ ሞልቶ «ፍሬ እንቢ አለኝ» ሲል ይሰማል። መልካሙ ዘዴ ብዙ ፍሬ ከሚሰጥ ተክል ቅርንጫፍ ቈርጦ መትከል ነው። ለአበባው ብናኝ ጥቂት ወንዴ በአቅራቢያው ቢኖር ይጠቅማል። ሁሉም ዓይነት በኃይሉ እኩል አይደለም፤ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ ስፍራ ከሰበሰቧቸው መካከል ብልጫ ያገኘው «ዓይነት 44» የተባለው ነው። በ1989 (በፈረንጅ) ሁለቱ ሊቃውንት ስለዚህ ሥራቸው በስዊድን አገር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

ቍራጩ ሦስት ወይም አራት አንጓ ያለው ሆኖ በክረምት መግቢያ በለሰለሰና ፍግ ባለበት መደብ ይተከል፤ ሥር ሲሰድ ወደ አጥሩ ይዛወር። ተክሉ የሚንጠላጠል ስለ ሆነ ባላ ወይም ርብራብ ይሻል፤ መሬት ለመሬት ከተሳበ ፍሬውን ለመልቀም ያስቸግራል።

ፍሬው መልቀም ያለበት ሙሉ ሆኖ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ኃይሉ ያን ጊዜ ይበረታል። ከዚያ በደንብ ደርቆ እርጥበት በሌለበት ስፍራ ይቀመጣል። የሚወቀጠው ሊሠራበት ሲል ነው፤ የሚዘፈዘፈውም በቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በፈላ ውሃ አይደለም፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ቅመም የሚወጣው የተወቀጠው ፍሬ በቀዝቃዛ ውሃ ሲርስ ነውና።